የፍራሹ ጨዋታ

«እስቲ የፍራሹን ንገሪያት! እሷ አልሰማችም!» አለች የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠችው ደንበኛ፣ የሙቅ አየሩን ጩኸት ለማሸነፍ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ፀጉር ሠሪዋ እጇ ሥራ ላይ ነበር። በግራዋ የአዲሷን ደንበኛ ፀጉር በክብ ብሩሽ ጠቅልላ ይዛ በቀኟ የእጅ ማድረቂያውን፣ ፎኑን፣ ከላይ ወደ ታች ትነዳለች። «ኧረ ተዉኝ፣ ስንቴ ልናገረው!» አለች። አፏ ተዉኝ ይበል እንጂ ዓይኗ በመስታወቱ ውስጥ ሶፋው ላይ የተደረደሩትን ሴቶች አንድ በአንድ መቃኘት ጀምሯል።

«አንዴ ብቻ፣ ስሞትልሽ!»

ፎኑን አጠፋችው። ጨዋታ ልትጀምር ስትል ሁልጊዜ ፎኑን ታጠፋዋለች።

«እንግዲህ አንድ ልጅ አለችኝ» አለች ለአዲሷ ደንበኛ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት። «ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁም ነገረኛ ናት፤ እኔን ራሴን እንደ ዳኛ ነው የምታየኝ። እና አንድ ሌሊት ተኝቼ ‹ሹሹሹሹ› የሚል ድምፅ ሰማሁ። አውሮፕላን ጣራችን ላይ ሊያርፍ ነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ብሄድ፣ ለካ የኔ እመቤት አልጋዋ ላይ ሸንታ፣ እኔ እንዳላውቅባት ፎኔን ከቦርሳዬ ሰርቃ፣ ፍራሹን ፎን እያደረገችው ነው! ያውም በብሩሽ!»

ሶፋው ላይ ያሉት ገና ካሁኑ ሆዳቸውን ይዘዋል።

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ! ‹ጫፉን ትተሽዋል፣ ወደ ውስጥ ጠቅለል አድርጊው እንጂ› አልኳት። ጠዋት ብታዪው…» እዚህ ላይ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፤ የት ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች። «ጠዋት ብታዪው ፍራሹ ሙሽራ መስሎ አደረ! ሚዜ ብቻ ነው የጎደለው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አዲሷ ደንበኛ ዕንባዋን በፎጣው ጫፍ ጠረገች። መታጠቢያው ጋ ቆማ ፎጣ የምታጥፈው ረዳቷ እንኳ፣ ጨዋታውን በቃሏ የምታውቀው፣ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች።

ሰፈሩ ፀጉር ሠሪዋን «ጨዋታ» ነበር የሚላት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ደንበኛ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ በዚያ ዓመት ትልልቅ መስታወትና የሚሽከረከር ወንበር ያላቸው ሁለት ፀጉር ቤቶች ተከፍተዋል፤ የእሷ ቤት መስታወት አንደኛው ጥግ ተሰንጥቋል፣ ሶፋዋም ወደ መሃል ሰምጧል። ሴቶቹ ግን ወደ እሷ ይመጣሉ። ፀጉር የትም ይሠራል፤ እንዲህ የሚያስቅ የትም የለም። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ አገር ላገር ስለሚዞር፣ የቤቱ ኑሮ በእጇ ብቻ ሳይሆን በምላሷም ላይ ነው የቆመው ማለት ይቻላል። የምታወራው ደግሞ ካላት ነው። ያላት ልጇ ናት።

ስልኳ የጮኸው ሳቁ ሳይበርድ ነበር።

«የልጅቷ እናት ነዎት? የክፍሏ ኃላፊ መምህር ነኝ። አሁኑኑ ቢመጡ ጥሩ ነው።»

«ምነው? አመማት እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ናት። ግን… ልጅ ነክሳለች።»

«ምን አድርጋ?»

«ነክሳለች። በጥርሷ።»

ስልኩን ዘጋችና ጎንበስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀና ስትል ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ልቧ በድንጋጤ እየመታ እያለ እንኳ ያ ሁሉ ዓይን ሲጠብቃት ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ጉዴ ፈላ» አለች። «ልጄ ሰው መብላት ጀመረች!»

ሽርጧን ፈትታ ለረዳቷ ብሩሹን አቀበለቻትና እየተጣደፈች ወጣች። «ስትመለሺ ሙሉውን ነው የምንሰማው! ሳንሰማ አንሄድም!» የሚል ጩኸት እስከ መንገዱ ድረስ ሸኛት።

ትምህርት ቤቱ ከፀጉር ቤቱ ሩቅ አይደለም። መንገዱን ሳታጋምስ ጨዋታውን መስፋት ጀምራ ነበር። ‹በጥርሷ› ያለውን የመምህሩን ድምፅ እንዴት እንደምታስመስለው፣ ‹ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው› የሚለውን የት እንደምታስገባው። ይህን የምታደርገው ልጇን ስለማትወድ አልነበረም። ጭንቀት ሲይዛት እንደዚህ ነው፤ ነገሩን ወደ ሳቅ ካልለወጠችው አይዋጥላትም።

ግቢው ውስጥ ልጆች ዕረፍት ላይ ነበሩ። አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ ሲያያት ጓደኛውን በክርኑ ነካ አደረገው። «ሹሹሹሹ» አለ። ጓደኛውም ተቀበለው፤ ከዚያ በገመድ የሚዘልሉት ልጃገረዶችም። መኪና መኪና የሚጫወቱ መስሏት ፈገግ አለችላቸው።

መምህሩ ጺሙ ገና አልበቅል ብሎ የሚያስቸግረው ወጣት ነው። ጠባቡ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ፣ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ክንዷ በነጭ መሐረብ ታስሯል። ፀጉር ሠሪዋ ወዲያው ነበር ያወቀቻት፤ ደንበኞቿ «ባንኳ» የሚሏት፣ ባንክ ቤት የምትሠራውና በየሳምንቱ ፀጉሯን በቢጎዲን የምታስጠቀልለው ሴትዮ ልጅ ናት። በሌላኛው ጫፍ የራሷ ልጅ አለች። በዚያ ሙቀት ግራጫ የሱፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ከላይ በሁለት እጇ ጭምር ይዛዋለች። ኮፍያውን ማድረግ ከጀመረች ሰንብታለች። እናትየው ለዚህም ጨዋታ ነበራት፤ «የፀጉር ሠሪ ልጅ ፀጉሯን ትደብቃለች፣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ጦሙን እንደሚያድረው» ትል ነበር።

«ይቅርታ መምህር» አለች ገና ሳትቀመጥ፤ «ቁርሷን በወጉ ሳትበላ ወጥታ ነው።»

መምህሩ ለጨዋነት ያህል ከንፈሩን ፈልቀቅ አደረገና መልሶ ሰበሰበው። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። አስተያየቷ የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም። የጠበቀው ነገር በጠበቀው ሰዓት እንደመጣለት ሰው ነበር ያየቻት። ከዚያ ዓይኗን መልሳ መሬት ላይ ጣለች።

«እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰችም» አለ መምህሩ። «ልጆቹ እንደሚሉት ኮፍያዋን ስለነጠቀቻት ነው የነከሰቻት።»

«ለኮፍያ ሰው ይነከሳል? ደግሞስ ታላላቆችሽ ፊት ኮፍያ አድርገሽ የምትቀመጪው ምን ሆነሽ ነው? አውልቂው!»

ልጅቷ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«አውልቂው አልኩሽ!»

እናትየው የልጅቷን እጆች በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ኮፍያውን መነጨቀችው። የሰው ራስ ላይ የኖረ እጅ ነው፣ ፈጣን ነው።

ከቀኝ ጆሮዋ በላይ፣ እስከ አናቷ ድረስ፣ አንድ መዳፍ የሚያክል ቦታ ፀጉር አልነበረውም። ጨርሶ የተላጨ አይደለም፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ዘለላዎች፣ አንዱ አጭር አንዱ ረዘም ያለ፣ እንደተረሳ ማሳ ብቅ ብቅ ብለዋል። የቀረው ፀጉር ከሌላው ወገን ተጎትቶ በቅባት ሊሸፍነው ተሞክሯል። የልጅ እጅ ሥራ ነው።

«ቆረቆር!» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ወደ በሩ ዞረች፤ የሰማ ሰው እንዳለ ልታይ። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ቆረቆር ይዟታል ከተባለ ማን ማበጠሪያዋን ራሱ ላይ ያስነካል? ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች ድግስ ነው የሚሆንላቸው። ኮፍያውን በችኮላ መልሳ ልጇ ራስ ላይ ደፋችው። መልሳ ያደረገችላት ለልጇ ብላ አልነበረም። ይህን ያወቀችው ወዲያው ነው፤ ያወቀችበትን ቅጽበትም ከዚያ በኋላ ልትረሳው አልቻለችም።

መምህሩ ወደ ባንኳ ልጅ ዞረ። «ኮፍያዋን ለምን ነጠቅሻት?»

«ሁሉም ነው የሚነጥቃት።»

«እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

«ፎን ብዬ ስጠራት ዝም ስላለችኝ።»

«ፎን ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ክንዷን እያሻሸች ወደ ፀጉር ሠሪዋ አየች። ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ጨዋታውን ከፈጠረው ሰው ፊት ጨዋታውን እንደሚደግም ልጅ ትንሽ አፍራ፣ ትንሽም ደስ ብሏት ነበር። «እሳቸው ያውቁታል። አልጋዋ ላይ ሸንታ ፍራሹን በፎን ያደረቀችው ነዋ። በብሩሽ። ጠዋት ብታዪው…» እዚህ ላይ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። «ፍራሹ ሙሽራ መስሎ አደረ። ሚዜ ብቻ ነው የጎደለው።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«እማዬ ለአክስቴ ስትነግራት ሰማሁ። እማዬ ደግሞ ከእሳቸው ነው የሰማችው።»

ቢሮው ውስጥ ማንም አልሳቀም። ከውጭ የልጆቹ ጩኸት ይሰማል። ‹ሹሹሹሹ› የሚለውም ከመሃሉ አለ። ፀጉር ሠሪዋ የምትገባበት ጉድጓድ አጣች።

ያ ሌሊት እሷ በምታወራው ዓይነት አልነበረም። ፎኑ እውነት ነው፣ ብሩሹ ግን ውሸት ነው፤ ‹ጫፉን ጠቅለል አድርጊው› የሚለውንም በማግስቱ ካስክ ስር ላሉት ሴቶች ስትል ነው የፈጠረችው። እውነቱ ልጅቷ በእርጥብ ልብሷ ቆማ ከራሷ እስከ እግሯ ትንቀጠቀጥ እንደነበር ነው። እናትየው አቅፋት የራሷ አልጋ ውስጥ አስገባቻት። «እማዬ፣ ለማንም አትንገሪ» አለቻት ልጅቷ፣ አንገቷ ስር ተሸጉጣ። «ለማን እነግራለሁ፣ የኔ እናት» አለቻት። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ቤቱ በሳቅ ሲናጋ ያን ቃሏን አላስታወሰችውም። ማፍረሷን እንኳ አላወቀችም፤ ለእሷ ወሬ ነበር፣ የራሷ ቤት ወሬ።

«ስሙ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም» አለ መምህሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም ማወቅ ነበረብኝ። ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ ግን ጭንቅላቷን ያሳዩላት፤ ጤና ጣቢያው እዚሁ ታች ነው።»

ልጅቷን ተነሺ ስትላት ተነሳች። በር ላይ ስትደርስ ወደ ባንኳ ልጅ ዞር ብላ፣ ማንም ሳያዛት፣ «ክንድሽን ይቅርታ» አለቻትና ወጣች።

ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ልጅቷ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። እናትየው ቦርሳዋን ልትይዝላት እጇን ብትዘረጋ ማንገቻውን አጥብቃ ያዘች።

«ያምሻል?»

«አያምም።»

«ያሳክክሻል?»

«አያሳክክም።»

ዱሮ እሑድ እሑድ በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ፀጉሯን የምትጎነጉንላት እሷ ነበረች። ልጅቷ ‹ከእንግዲህ ራሴ እሠራዋለሁ› ስትላት ‹ተመስገን፣ አንድ ደንበኛ ተቀነሰልኝ› ብላ ነበር። ደግሞ ድካም ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ ስትቆም ውላ እግሯ ያብጣል፣ እሑድ ቢያንስ ፀጉር ሳታይ መዋል ትፈልጋለች። ከዚያ ወዲህ ያንን ራስ በእጇ ነክታው እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። አንድም ቀን አልመጣላትም። የሰው ፀጉር በጣቷ ዳስሳ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ የምታውቅ ሴት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ከኔ ጋር አንድ ቤት እየኖርሽ!» አለች ዞር ብላ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቷ ቆመች። «ብነግርሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለች።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ይረጥባል እንደሚል ሰው ነበር ያለችው።

እናትየው «አልነግርም ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። ‹ልጄ ሰው መብላት ጀመረች› ያለችው ግን ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም።  

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች በመጨረሻ።

«እሺ።»

ትልልቅ ሰዎች እንዲተዉአቸው ሲፈልጉ ልጆች የሚሉት ‹እሺ› ነበር። ያ ‹እሺ› አላስችል አላት። ፊቷን ትንሽ ፈታ ማድረግ፣ አንዴ ብቻ ማሳቅ ፈለገች፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። «ሁለተኛ እንዳይለፈልፍ ይህን ምላሴን በፎን ነው የማደርቀው!» አለች።

ሳትጨርሰው ነበር የቆጫት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የልጅቷ ፊት እንደ መስኮት ተዘጋ። ኮፍያዋን ወደታች ስባ እናቷን አልፋት ሄደች፤ የቀረውን መንገድ የተከተለችው እናትየው ናት።

ጤና ጣቢያው የክትባት ቀን ነበር። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሕፃናት የታቀፉ ሴቶች ተኮልኩለዋል፤ አንዱ ሕፃን ሲወጋ ያልተወጉትም አብረው ያለቅሳሉ። እነሱ ግን የገቡት መግቢያው አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ ጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ነርስ ዘንድ።

ነርሷ ልጅቷን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጧትና ቁጢጥ ብለው ፊት ለፊቷ ሆኑ። «ኮፍያሽን ባወልቀው ቅር ይልሻል? ወይስ አንቺ ታወልቂዋለሽ?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ራሷ አወለቀችው።

«ልንካው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እናትየው ልጇን እንዲህ ብላ ጠይቃት አታውቅም። የማንንም ደንበኛ ፀጉር ‹ልንካው?› ሳትል አትጀምርም፤ ልጇን ግን ጠይቃት አታውቅም።

ነርሷ በማጉያ መነጽር ቆዳውን ቀስ እያሉ ተመለከቱት፤ የቀሩትን ዘለላዎች በጣታቸው ለየት ለየት አደረጓቸው።

«ቆረቆር ነው አይደል ሲስተር? ከማበጠሪያ ይሆን? እኔ ዕቃዎቼን ሁሉ ቀቅዬ ነው…»

«ቆረቆር አይደለም። ቆዳው ንጹሕ ነው፤ ቅርፊት የለው፣ ቁስል የለው። ጸጉሩ ግን አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የተነቀለ ነው።»

«ማን ነው የሚነቅላት? ትምህርት ቤት ነው?»

ነርሷ የልጅቷን እጆች ነበር የሚያዩት። ልጅቷ እጆቿን አንሥታ ጭኖቿ ስር ከተተቻቸው።

«አንቺ ራስሽ?» ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። «እንዴት ሰው የገዛ ፀጉሩን…»

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉ ነርሷ፤ ይህን ያሉት ለእናትየው ነው። «ጥፍራቸውን የሚበሉ ልጆች አይተሽ አታውቂም? እንደዚያ ነው። ሲጨንቃቸው እጃቸው ይሄዳል፣ እነሱም አንዳንዴ አያውቁት። ተይ ስላሏት አትተውም፤ ቢቆጧት ይብስባታል። ፀጉሩስ ይመለሳል፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።»

«እንደው… የሚቀባ ነገር የለውም?»

«ቆዳው ምን ሆኖ ይቀባል?»

ፀጉር ሠሪዋ በእጇ የምታደርገው አንድ ነገር ቢሰጧት ምንኛ በወደደች!

«በዚህ ነገር ልጆችን የምትረዳ ባለሙያ አለችን፤ ወደ እሷ እልካችኋለሁ» አሉ ነርሷ። «መጀመሪያ ግን እኔ ልስማት።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «መቼ መቼ ነው እጅሽ የሚሄደው?»

ልጅቷ እናቷን አየች።

«ማታ ማታ ቴሌቪዥን ስታይ ይመስለኛል» አለች እናትየው። «እኔ እስክመጣ ብቻዋን ስለሆነች…»

ነርሷ አንድ ጣታቸውን ብቻ ከፍ አድርገው አስቆሟት።

«እሷ ካለች አልናገርም» አለች ልጅቷ።

«እኔ? እኔ እናትሽ?» ነርሷን አየች፤ እናት መሆን አለባቸው፣ ይረዱኛል ብላ። የሳቸው ዓይን ግን ከልጅቷ ላይ አልተነሣም።

«ሲስተር፣ እርስዎ ለሰው ይነግራሉ?» አለች ልጅቷ።

«የሚጎዳሽ ሰው ካለ፣ አንቺን ለማዳን ስል እናገራለሁ፤ ይህን ከአሁኑ ልንገርሽ። ከዚያ ውጪ ያለው ግን ያንቺ ነው። አንቺ ካልፈቀድሽ ለእናትሽም አልነግራት።»

ልጅቷ ይህን መረመረችው። ነገር ስትመረምር አፍንጫዋን ሸብሸብ ታደርጋለች፤ እናትየው ይህንም ስንት ቀን አስመስላው አስቃለች።

«እሺ። ትውጣ።»

ፀጉር ሠሪዋ ወጣች። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ዘጭ አለች። ክፍሉ ከኮሪደሩ የሚለየው በስስ ጣውላ ነው፤ በሩም ከስር አይገጥምም። ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ነርሷ ሲያስሉ ይሰማል።

ስልኳ ጮኸ። ረዳቷ ነበረች።

«እትዬ፣ ባንኳ መጥታ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው! ልጄን አውሬ አስነከሱብኝ ትላለች። ሌሎቹም ሳንሰማ አንሄድም ብለው ተቀምጠዋል። ምንድን ነው የሆነው? ምን ልበላቸው?»

የምትለው ነበራት። ያንን መዳፍ የሚያክል ቦታ ብትነግራቸው፣ እሷ በምትችልበት አነጋገር፣ የት ዝም እንደምትል እያወቀች፣ ባንኳ ራሷ ነበር ዕንባዋ የሚወርደው። ቤቱ በሙሉ ከእሷ ጋር ይቆማል። ሶፋው ላይ ያሉት ከንፈር እየመጠጡ ‹አይዞሽ› ይሏታል፤ ያን ‹አይዞሽ› ደግሞ በዚያች ሰዓት ከምንም በላይ ፈልጋዋለች።

«ለባንኳ ይቅርታ ትጠይቅሻለች በያት። ማታ ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ።»

«ለሌሎቹስ?»

«ምንም የለም በያቸው።»

«ምንም? ኧረ እትዬ፣ ማን ያምነኛል? አንቺን እኮ ያውቁሻል።»

«አይመኑሽ» አለችና ዘጋችው።

ይህን ጊዜ ነው ከጣውላው ወዲያ የልጇ ድምፅ የተሰማው። መጀመሪያ ቆረጥ ቆረጥ ያለ፣ እንደሚንተባተብ ሰው፤ ከዚያ እየረዘመ፣ እየተያያዘ ሄደ። በዚያ ሰሞን ለእናቷ ከተናገረችው ሁሉ የሚበልጥ ቃል በአንድ ትንፋሽ አወጣች። «እማዬ…» የሚለው ተለይቶ ተሰማ። የቀጠለው ግን ዝቅ ብሎ ጠፋ።

የፀጉር ሠሪዋ አንገት ሳታዘው ወደ ጣውላው ዘንበል አለ። ጆሮዋ የሥራ ጆሮ ነው፤ ሁለት ካስክ እየጮኸ የሹክሹክታ ወሬ የሚለይ። ትንሽ ጠጋ ብትል እያንዳንዱን ቃል ትይዘዋለች። ደግሞስ ምን ክፋት አለው? ለወሬ እኮ አይደለም። ሕመሟን ካላወቀች እንዴት ትረዳታለች? እናት የልጇን ጭንቅ ብትሰማ ምን ነውር አለበት? ምክንያቶቹ ሁሉ ደህና ምክንያቶች ነበሩ። 

«እማዬ ስትስቅ…» አለ የልጇ ድምፅ።

ፀጉር ሠሪዋ ተነሣች። በኮሪደሩ አልፋ፣ ጸጥ ያሉትን ባዶ ወንበሮች ሁሉ ትታ፣ ሕፃናቱ ወደሚወጉበት መጨረሻ ሄደች። እዚያ ጆሮ የሚያደነቁር ለቅሶ ነበር። አንዲት ወጣት እናት የምታለቅስ ልጇን በአንድ ክንዷ አቅፋ በሌላው ቦርሳዋን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት። ፀጉር ሠሪዋ ባዶ እጇን መሆኗን አይታ ግን ግራ ገባት።

«እዚያ ማዶ ጸጥ ያለ ወንበር አለልሽ እኮ» አለቻት። «እዚህ ምን ይሰማል?»

«እዚህ ይሻለኛል» አለችና ተቀመጠች።